በተዛባ መደብ ላይ የተጣለ እጣ

በደሉን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ ወሬ ሲበዛ እንዳይጠፋ። አንድ ላይ ፊደል የምንማር ሴቶች በዝተን ቤቱ ጠበበን። ለሁለት እንከፈል ተባለ፤ ተከፈልን። ሲከፍሉን ግን ማንበብ የቻሉትን ሁሉ ወደ አንድ ወገን፣ ያልቻሉትን ሁሉ ወደ ሌላ ወገን አደረጉ። ለቻሉት ሰሌዳ ያለው ክፍልና አስተማሪ ሰጧቸው። ላልቻሉት የለቅሶ ድስት የተከመረበትን ቤት ተዉላቸው። ይህን ሲያደርጉም እጣ ጣሉና «ፍትሕ ነው» አሉ። በደሉ ይሄ ነው። መከፈላችን አይደለም። የበዛ ነገር ይከፈላል፤ ልጅም ሲያድግ አግብቶ ጎጆ ይወጣል። ጎጆ ለሚወጣ ልጅ ግን በሬ ይሰጡታል እንጂ ባዶ ቀንበር አሸክመው አይሸኙትም።

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ይህን የምናገረው አፍሬበት አይደለም። ከእኔ በላይ የተማሩት የሠሩትን ስታዩ፣ መማር ብቻውን ምን ያህል እንደሚያስኬድ እናንተው ትፈርዳላችሁ።

ነገሩ የተጀመረው ደብረ ታቦር፣ በሰፈራችን የእድር ቤት ነው። ድንኳኑ ተጠቅልሎ ጥግ ይይዛል፣ ጎላ ድስቶቹ ተደራርበው ግድግዳውን ይሞላሉ፣ አግዳሚዎቹ መሐል ላይ ይደረደራሉ። ሰው ካልሞተ ማንም አይከፍተውም ነበር። በሰፈሩ አንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ። አንድ ለቅሶ ላይ ሴቶቹ ስማቸውን ፈርሙ ሲባሉ አውራ ጣታቸውን ቀለም ውስጥ ሲነክሩ አዩና «ይህ ቤት ለሞተ ብቻ ነው እንዴ የሚከፈተው?» አሉ። ከዚያ ወዲህ እሑድ ከቀትር በኋላ ድስቶቹን ገፋ አድርገን መማር ጀመርን።

አስተማሪያችን አንድ ሕግ ነበራቸው። «አንድ አግዳሚ ላይ ሁለት የማያውቁ አይቀመጡ» ይሉ ነበር። ያወቀችው ካላወቀችው ጎን ትቀመጣለች። አባታቸው ቄስ ነበሩ፤ በአብነት ትምህርት ቤት የኔታ ያን ሁሉ ተማሪ ብቻቸውን የሚያስተምሩ ይመስላችኋል? ትልቁ ትንሹን እያስጠና ነው እንጂ። እሳቸውም እንደዚያው አደረጉን። እሳቸው ከቤታቸው በሚያመጡት ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ፣ እኛ አግዳሚው ላይ ጣት ለጣት እንተያያለን። ጫጫታ ነው፤ ግን ይገባል።

ከእኔ ጎን የደረሰችው ጎረቤቴ ነበረች። ከጋፋት ወገን ተድራ የመጣች፣ ቆሎ ቆልታ የምትሸጥ፣ በእድሜ ልጄ የምትሆን ሴት ናት። የመጀመሪያ ልጇ ዓረብ አገር ናት። ልጅቱ የምትልከውን መልእክት ስልክ ላይ የሚያነብላት ባለሱቁ ነው። ባለሱቁ ደግሞ ሲያነብ እንደ አዋጅ ነጋሪ ነው። ልጅቱ «እግሬን አሞኛል» ብላ ከጻፈች፣ በነጋታው መንገድ ላይ ያገኛት ሁሉ «እግሯ እንዴት ሆነላት?» ይላታል። ጎረቤቴ የመጣችበት ምክንያት ይኸው ብቻ ነው። የልጇን ነገር ራሷ አንብባ፣ ራሷ ልታለቅስ ወይም ራሷ ልትስቅ።

አንድ እሑድ ስልኳን አወጣችና ጣቷን መስታወቱ ላይ አደረገች። ቆየችና፣

«እ... ማ» አለች።

«ቀጥዪ» አልኳት።

«ኧረ እትዬ፣ ቆዪ! እኔን እኮ ነው የጠራችኝ!»

ከዚያ በላይ አልቀጠለችም። ያን ቀን እሱ በቃት። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ትለያለች፣ ሲገጣጠሙ ግን ይምታታባታል፤ ጎኗ ሰው ካለ ትዘልቃለች፣ ሰው ከሌለ ትቆማለች። እንዲህ ያለ ሰው ደርሷል አይባልም፣ አልደረሰም አይባልም። መንገድ ላይ ነው።

ወሬ ሮጠ። ከጋፋት በኩል ገበሬ ሴቶች መጡ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላቸውን እንዳጣፉ የሚገቡ መጡ፣ የሠራተኛ ሚስቶችም መጡ። አግዳሚው ሞላ። የተጠቀለለው ድንኳን ላይ ተቀመጡ። ጎላውን ደፍተው ተቀመጡበት። አስተማሪያችን እየሳቁ «ሰው ቢሞት ዛሬ በምን ይቀቀልለታል?» ይሉ ነበር። እንከፈል የሚል ሐሳብ ያኔም ተነሥቶ ነበር። እሳቸው ግን «ቤት ጠበበ ተብሎ አይከፈልም። ለየአግዳሚው አንድ አንድ የምታነብ ስትኖር፣ ግማሹ ሄዶም ብቻውን መቆም ሲችል፣ ያኔ ይከፈላል። እስከዚያ ተጠጋጉ» አሉን። ተጠጋጋን። ከዚያ ጉልበታቸውን አመማቸውና ልጃቸው ሐሙሲት ወሰዳቸው።

ቦታው ባዶ ሲሆን ማን እንደሚሞላው ታውቃላችሁ። ሊቀመንበር ተመረጠች። ዕድሜዋን ሙሉ ቢሮ ውስጥ ማኅተም ስትመታ የኖረች ሴት ናት። ስትቀመጥ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ትይዘዋለች፤ የሚነጥቃት ያለ ይመስል። ማንበብ ትችላለች። ወደ እኛ የመጣችው እንግሊዝኛ ሊጀመር ነው መባሉን ሰምታ ነው። ከዩኒቨርሲቲው አንድ ወጣት አስተማሪ በፈቃዱ እሑድ እሑድ ሊያስተምረን መጥቶ ነበርና። ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ፣ ሰላምተኛ፣ ሰው ሲናገር የማያቋርጥ ልጅ ነው። ክፉ አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ክፉ ሰው የሚሠራውን ያውቃል።

እሱና ሊቀመንበሯ ተማከሩና «በደረጃ መከፈል አለብን» አሉ። አንድ እሑድ ትልቅ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጥፎ «ጤና ከሀብት ይበልጣል» ብሎ ጻፈ። አንድ በአንድ እየተነሣን እንድናነብ ተባልን። ያነበበች ወደ ቀኝ፣ ያላነበበች ወደ ግራ። ቀኝና ግራ ምን እንደሆነ ቤተ ክርስቲያን የሄደ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሴቶቹ ግራ በተባሉ ቁጥር አንገታቸውን ሲደፉ፣ ልጁ «ለጥቅማችሁ ነው፣ አትፍሩ» ይላል። በጎቹና ፍየሎቹ ይለያሉ የተባለው ጌታ ሲመጣ ነው እንጂ ማርከር የያዘ ሰው ሲመጣ አልነበረም።

እኔ አነበብኩ። ቀኝ አሉኝ። ጎረቤቴ ተነሣች። እጇ ነጠላዋን እያፍተለተለ፣

«ጤ... ና... ከ... ሀ...»

«ይበቃል» አለች ሊቀመንበሯ። «ወደ ግራ።»

«ገና እያነበበች ነው!» አልኩ።

«እማማ፣ ሰዓት የለንም። ሰልፉን ያዩታል።»

«ሰልፉን አየዋለሁ። ዱቄት ልትሰፍሪ ነው የቆምሽው?»

የሳቀ ሳቀ። ልጁ በለሆሳስ ጠጋ አለኝና «እማማ፣ አንድ ላይ ሲሆኑ ፈጣኖቹ ይጎተታሉ፣ ቀስ የሚሉት ደግሞ ይሸማቀቃሉ፤ ለሁሉም የሚሻል ነው» አለኝ። ይህን ሲል ቀስ የሚሉት ሴቶች ግራ ግድግዳው ሥር በአንድነት ቆመው፣ መሬት መሬት እያዩ፣ ይሰሙት ነበር።

ከጋፋት የመጣች አንዲት ገበሬ ግን አልተሸማቀቀችም። «የኔ ልጅ» አለችው፣ «ወይፈን ማረስ የሚለምደው ከምን ጋር ተጠምዶ ነው?»

«እ... አላውቅም» አለ።

«ከአሮጌ በሬ ጋር ነዋ! ሁለት ወይፈን አንድ ላይ ጥመድና እስቲ ማሳህን እየው። ሞፈሩንም አንተንም ገደል ይዘውህ ይገባሉ።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እሱም ሳቀ። ሊቀመንበሯ አልሳቀችም፤ ቦርሳዋን ጠበቅ አድርጋ ይዛ «እንግዲህ እኛ በሬ አይደለንም» አለች። ሰው መሆኗን እንድናውቅላት ነው። ገበሬዋ ቤቱን አስቃም አልዳነችም፤ ያው ግራ ሄደች። ሳቅ ሰው ከግራ ወደ ቀኝ አያሻግርም።

ከዚያ እጣ መጣ። ከአጠገባችን ያለ ትምህርት ቤት እሑድ አንድ ክፍል ሊሰጠን ፈቅዶ ነበር፤ ወንበር ያለው፣ ሰሌዳ ያለው፣ መስኮት ያለው። አንደኛው ቡድን እዚያ ይሄዳል፣ ሌላው የእድሩ ቤት ይቀራል። ሊቀመንበሯ ሁለት የክብሪት እንጨት ያዘች፣ አንዱን ሰበረች፣ «ማንም እንዳይከፋው በእጣ ይሁን» አለች። ረጅሙ ለሚያነቡት ወጣ። እልልታ! እኔ ተንኮል አለበት አልልም። አጭሩ ቢወጣላቸውም ለውጥ አልነበረውም፤ አስተማሪው የሚሄደው እንግሊዝኛ ወዳለበት ነው። ላልቻሉት ማን ያስተምራቸዋል ብዬ ስጠይቅ «ይፈለጋል» ተባልኩ። ይፈለጋል! የጠፋ ጥጃ እንኳ ይፈለጋል ሲባል አንድ ሰው ብድግ ይላል።

እጣ ስለጣሉ ንጹሕ የሆኑ መሰላቸው። ሰፈራችን እኮ ቅርጫ የሚያውቅ ሰፈር ነው፤ ያናደደኝም እሱ ነው። ለፋሲካ በሬ ተገዝቶ ሲታረድ ሥጋው ቅጠል ላይ በመደብ በመደብ ይደለደላል። ለእያንዳንዱ መደብ ከሽንጡም ከጎድኑም ከጨጓራውም ከአጥንቱም ይደርሰዋል። ጉበት ትንሽ ናት፣ ለአንድ ሰው ትሁን አይባልም፤ እንደ ጣት ቆርጠውም ቢሆን ለሁሉም ያዳርሷታል። ወንዶቹ ዙሪያውን ቆመው «ያኛው ስብ በዛበት፣ ይሄኛው ጎደለ» እያሉ ሙዳ ከወዲህ ወዲያ ያዘዋውራሉ። ማንም አልጎደለብኝም እስኪል ድረስ። እጣ የሚጣለው ከዚያ በኋላ ነው። ለአንዱ ሽንጡን ለሌላው ሰኮናውን አስቀምጦ እጣ የሚጥል ሰው፣ በሰፈራችን ቢላው ተቀምቶ ይባረራል። እነዚያ ሴቶች ባሎቻቸው በየዓመቱ መደብ ሲያስተካክሉ እያዩ የኖሩ ናቸው። ሥጋ ሲሆን ዓይናቸው ሚዛን ነው። ሰው ሲሆን ታወሩ።

እኔ ወደ ቀኙ አልሄድኩም። ተመልሼ ድስቶቹ መሐል ተቀመጥኩ። «እማማ፣ የአንቱ ቦታ እዚያ ነው» አለችኝ ሊቀመንበሯ። «ቦታዬን አንቺ ልትነግሪኝ?» አልኳት። ኩርፊያ መሰላት።

ያ ቡድን ምን እንደሆነ ሳልሸፋፍን ልናገር። ከዚያ ሁሉ ሴት የማነበው እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔ ደግሞ አስተማሪ አይደለሁም። ሰው ሲሳሳት እጮኻለሁ፤ ሲደግም ደግሞ የባሰ እጮኻለሁ። አንዷን ሳሳይ ሌሎቹ ይጠብቃሉ፣ ሲጠብቁ ያወራሉ፣ ሲያወሩ የያዙትን ይረሳሉ። ሰሌዳ ስለሌለን በከሰል ድስት ላይ ጻፍኩ፤ ለቅሶ መጣና ድስቱ ታጠበ። አንደኛዋ ቀረች፣ ሌላዋ ቀረች። ገበሬዋ «እትዬ፣ ወይፈን ለወይፈን ሆነናል፤ በሬውም አንድ፣ እሱም ይዋጋል» ብላኝ ስቃ ሄደች፤ አልተመለሰችም። እውነቷን ነው።

ጎረቤቴ ከሁሉ በኋላ ነው የቀረችው። መጀመሪያ ጎኔ ነበረች። ኋላ ሌላዋን ላሳይ ስነሣ እሷ ብቻዋን ትሆናለች፣ ፊደሎቹ ይምታቱባታል፣ ስልኳን ታጥፋለች። «ጠጋ በይና አብረን እንየው» ስላት «ኧረ ግድ የለም፣ እነሱን አስጨርሻቸው» ትለኛለች። ጨዋ ሰው እንዲህ ነው የሚጎዳው። አንድ እሑድ ቆሎ ተጥዶብኝ ነው አለች። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ቆሎ እንደተጣደባት ነው።

ሊቀመንበሯ አንድ ቀን ብቅ አለችና ባዶዎቹን አግዳሚዎች አየች። «አላልኩም?» አለች። «እነዚህ እኮ ፍላጎቱ የላቸውም።» ውኃውን ወደ ራሱ ማሳ ያዞረ ሰው፣ የጎረቤቱ ማሳ ሲደርቅ መሬቱ ሰነፍ ነው ይላል።

እነዚያን ሌሎቹንም አልረሳቸውም። ትናንት ከሰው ጎን ተለጥፈው የለመዱት፣ ደብተራቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው በእድሩ ቤት በር ያልፋሉ። አንዷን ጠርቼ፣ «አንቺ ከማን ጎን ተቀምጠሽ ነው የለመድሽው?» አልኳት።

«ከምታነብ ሴት ጎን።»

«ታዲያ ያንቺ ጎን የተቀመጠች አለች?»

«እትዬ፣ እኔ ምን ላድርግ፤ ኮሚቴው ነው የወሰነው።»

ኮሚቴ የሚባለው እኮ ሊቀመንበሯና ሦስት ጓደኞቿ ናቸው።

ከዚያ የፈራሁት ሆነ። ጎረቤቴ መልእክት ደረሳት። ብቻዋን ልታነበው ሞከረች፣ «እማ» የሚለውን አወጣች፣ ከዚያ በላይ አልሆነላትም። እኔ ያን ቀን ክርስትና ሄጄ ቤት አልነበርኩም። አላስችል አላትና ባለሱቁ ጋ ሄደች። ሱቁ ውስጥ የባሏ ወንድም ሳሙና ሊገዛ ቆሟል። ባለሱቁ እንደ ልማዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። ልጅቱ «እማ፣ ለአባ እንዳትነግሪው። የምሠራበትን ቤት ትቼ ወጥቻለሁ። ሰዎች ጋ ተጠግቻለሁ፣ ደህና ነኝ። ለአንቺ ብቻ ነው» ብላ ጽፋ ነበር። ለአንቺ ብቻ ነው የሚለውንም ጮኾ ነው ያነበበው።

ማታውኑ አባትየው ሰማ፤ ከወንድሙ አፍ፣ ተጨምሮበት። ለልጅቱ ደውሎ የተናገራትን እኔ እዚህ አልጽፈውም። ከዚያ ወዲህ ልጅቱ ለእናቷ መጻፍ አቆመች። ምን ብላ ትጽፋለች? እናቷ ለአገር እንዳስነበበችባት ነው የምታውቀው። ጎረቤቴን ሄጄ ሳያት ምጣዱ ቀዝቅዟል፣ ስልኩን በጨርቅ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ከታዋለች። «እትዬ፣ ፊደል የሚሉት ነገር ለእኔ አልተጻፈልኝም» አለች። እሷ ናት ይህን ያለችው፤ በአደባባይ «እማ»ን ያነበበችው።

በሚቀጥለው እሑድ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ክፍሉ ጥሩ ነው፣ መስኮቱ ብርሃን ያስገባል። ልጁ ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ የሳምንቱን ቀኖች ጽፏል። ሊቀመንበሯ ፊት ወንበር ላይ ናት፣ ቦርሳው ጭኗ ላይ። በሩ ላይ ቆሜ ሱቅ ውስጥ የሆነውን ነገርኳቸው። ስም አላነሣሁም፤ ማን እንደሆነች ሁሉም ያውቃል። ልጁ ጠመኔውን አስቀመጠ። «ይህንን አላሰብኩም ነበር» አለ። አላሰበም፤ እውነቱን ነው።

«ያሳዝናል» አለች ሊቀመንበሯ። «ግን ይህ የቤተሰብ ጉዳይ ነው እማማ። እኛ እኩል ተከፍለናል፣ እጣም ተጥሏል።»

«እኩል ነው ትያለሽ?»

«እኩል ነው። እዚያም ቡድን ነው፣ እዚህም ቡድን ነው።»

«መልካም» አልኳት። «በቅርጫ እኩል መደብኩ ያለ ሰው፣ መደብህን ለውጠኝ ሲሉት እንቢ አይልም። እንቢ ካለ ሥጋው ተደባልቆ እንደገና ይደለደላል። ቤትሽ በሬ ሲታረድ አይተሻል። በይ ተነሺና እንለዋወጥ። አንቺ የእድሩ ቤት ትሄጃለሽ፤ እሷ መጥታ እዚህ ያንቺ ወንበር ላይ፣ ከሚያነቡት መሐል ትቀመጣለች።»

«እሱ እንኳ... ስብሰባ ይጠራና ይታያል።»

«ስብሰባ አልጠየቅኩሽም። ተነሺ።»

«ኮሚቴው ሳይወስን እኔ ብቻዬን ምን...»

«ወንበሩ ያንቺ ነው፣ እግሩም ያንቺ ነው። እኩል ከሆነ ምን ቸገረሽ?»

«አንቱ ደግሞ ነገር ያበዛሉ!»

«አሳነስኩት እንጂ። አንዲት ሴት ለአንዲት ሴት ብቻ ነው ያልኩሽ። ትሄጃለሽ ወይስ አትሄጅም?»

 ልጁ እሷን ያያታል። ዞር ብላ ጓደኞቿን አየች፤ ሁሉም ደብተራቸውን ያያሉ። ፊቷ ቀላ፣ ቦርሳውን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አጣበቀችው፤ ያን ጊዜ፣ ከዚያ ሁሉ ኮሚቴና ስብሰባ በኋላ፣ የሚሆነውን መልስ ሰጠችኝ።

«እዚያማ ብሄድ ደንቁሬ ልቀር አይደለም እንዴ!»